ተረካቢ ያጣው ዳቦ

ስለ መምህር ቬሊቦር የሚወራውን ሁሉ ሰምቻለሁ። ከተማ ወርጄ አውቶቡስ ስጠብቅ የብሬስቶቪካ ሰው መሆኔን ያወቀ ሁሉ አይለቀኝም። አንዱ «የዚያ የጻድቁ መምህር አገር ሰው ነሽ?» ይላል። ሌላው «ያ አፉ የማይከደነው እብድ አሁንም አለ?» ይላል። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፤ «አንተ ምን አገባህ? የራስህን ጉድ ተሸከም!» እነሱ በቴሌቪዥን ነው ያዩት። እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የክፍሉን ምድጃ አንድጄለታለሁ፣ ካልሲውን ጠቅሜለታለሁ፣ ሲጸድቅም ሲያብድም አጠገቡ ነበርኩ።

ስታሜንካ እባላለሁ። የብሬስቶቪካ ትምህርት ቤት ጽዳትም፣ እሳት አንዳጅም፣ ደወል ደዋይም እኔው ነበርኩ። ልጆቹ «አክስቴ» ይሉኝ ነበር፤ ወላጆቻቸውም ልጅ ሳሉ እንደዚያው ይሉኝ ስለነበር ጢም አብቅለውም አልተዉትም። በመንደሩ ከካህኑ በቀር አክስት ያልሆንኩለት ሰው የለም።

እኔና ቬሊቦር ሥራ የጀመርነው በአንድ የወይን ለቀማ ወራት ነው። እሱ የሃያ ስምንት ዓመት ጎረምሳ፣ እኔ ባሌን ገና መቅበሬ። ከአውቶቡስ ሲወርድ በአንድ እጁ ሻንጣ፣ በብብቱ ደግሞ የዓለም ሉል ይዟል። ሱቁ ፊት ቢራቸውን ይዘው የተቀመጡት ወንዶች «አቤት! ይሄ ደግሞ ዓለምን በብብቱ ሸጉጦ መጣ» ብለው ሳቁበት። እሱ አልተቆጣም። ሉሉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠና «ብሬስቶቪካን ፈልጌ አጣኋት፤ እስቲ የምታውቁ አሳዩኝ» አላቸው። በዚያው ወደዱት። አንደበቱ ሲፈልግ ማር ነበር።

ያኔ ስልሳ አንድ ተማሪ ነበረን፤ በሁለት ፈረቃ ነው የሚማሩት። ከዚያ ከተማ ያለው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተዘጋ። የወይኑን ተዳፋት እሾህ ዋጠው። ጎልማሳው ወደ ቪየና፣ ወደ ስዊዘርላንድ ነጎደ። እኔ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ትርፍ ዴስክ እየተሸከምኩ ምድር ቤት አከማች ነበር። አንድ ዓመት አራት፣ አንድ ዓመት ስድስት። ወገቤ የተቀጨው በዚያ ነው፣ ማን ይመስክርልኝ?

የሱም ሚስት ዝላታ ከፋብሪካው ከወጡት አንዷ ነበረች። ቪየና ሄዳ ሽማግሌ ታጥብ ጀመር። ሦስት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ ደውላ «ና» አለችው። እሱ «ልጆቹን ለማን ጥዬ?» ይላል። እኔ ወለሉን እየወለወልኩ እሰማለሁ። በአራተኛው ዓመት መደወሉን ተወችው፤ እሱም ስሟን ማንሳት ተወ።

ወደድኩት እንዴ? አዎ ወደድኩት። ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ከእንግዲህ ማንን አፍራለሁ? ለሱ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ አላልኩም። እሱም ቢሆን እኔን ሲያይ የሚያየው ማገዶ ነው።

አሁን ወደ መንደሩ አሮጊቶች ልምጣ፤ መከራው የሚጀምረው ከደግ ነገር ነውና። ተማሪዎቹ ከሃያ ሲያንሱ ቬሊቦር «ወንበር ባዶ አያድርም» አለ። ክረምት ሲገባ፣ ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሲበተኑ፣ ፊደል ያልቆጠሩትን አሮጊቶች ይሰበስብ ጀመር። ሹራባቸውን ይዘው ምድጃውን ከበው ይቀመጣሉ። እሱም አንድ በአንድ «መጀመሪያ ለማንበብ የምትፈልጊው ቃል ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። አንዷ «ስኳር» አለች፤ ባለሱቋ ኮሳና ስኳር ብላ ጨው ሸጣላት ታውቃለች። እማማ ቪዶሳቫ «የልጄን ስም» አለች።

እማማ ቪዶሳቫ የክርስትና እናቴ ናት። ልጇ ራዲሳቭ አንድዬ ነው፤ ከአምስት ፅንስ የተረፈላት። ቬሊቦር ስሙን በትልልቁ ፊደል ጽፎ ሰጣት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ምላሷን አውጥታ እየጻፈች ደብተር ጨረሰች። ትንንሾቹን ፊደላት ሊያስተምራት ሲሞክር «ተዋቸው ልጄ፣ እነሱ ለወጣት ዓይን የተሠሩ ናቸው። እኔ ትልልቆቹ ይበቁኛል» አለችው።

በቋት። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ጥቁር ጠርዝ ያለው ወረቀት ታትሞ ሱቁ ፊት ካለው የሊፓ ዛፍ ላይ ይቸነከራል፤ የሟች ስም በትልቁ፣ የሐዘንተኞቹ ስም ከሥር በትንሹ። ቪዶሳቫ ከዚያ ክረምት ወዲህ በየማለዳው ከዘራዋን ይዛ ዛፉ ሥር ሄዳ ስሞቹን ታነባለች። ከዚያ በየደጃፉ እየቆመች «ዛሬ እገሌ ሄደ» ትላለች። እኔ «የሞት ጋዜጠኛ» እያልኩ አበሽቃት ነበር። እሷ ግን ኮርታ አትጠግብም። «እድሜ ለመምህር፤ ሰው ሳይነግረኝ ራሴ አወቅሁ» ትላለች።

ከዚያ ትምህርት ቤት የመዝጋት ወረርሽኝ መጣ። የሦስቱን ጎረቤት መንደሮች ትምህርት ቤት በአንድ በጋ ቆለፉባቸው። የኛ ተማሪዎች ዘጠኝ ደርሰዋል፤ ተራችን መሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር። ቬሊቦር ያን ሰሞን አንድ ዴስክ ከምድር ቤት አወጣና በዚያ በዛገው ቀይ ዩጎ መኪናው ጣራ ላይ በገመድ አሰረው።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ቤልግሬድ። ልጆቹ ከተማ ወርደው ይማሩ ካሉ፣ ትምህርት ቤቱም ከተማ ይውረድ።»

ሄዶ የባለሥልጣኖቹ በር ላይ ዴስኩን ዘርግቶ አሥራ አንድ ቀን በኅዳር ዝናብ ተቀመጠ። ለአላፊ አግዳሚው የማባዣ ሰንጠረዥ ያስተምራል። ሊያባርረው የመጣውን ፖሊስ አስቀምጦ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው ቢለው፣ ፖሊሱ «ሃምሳ አራት» አለ። ቴሌቪዥኑ ይህን አሳየ። አገር በሙሉ ሳቀ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ደብዳቤ ሰጡት፤ አምስት ልጅ እስካለ ድረስ የብሬስቶቪካ ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ከአምስት ካነሰ ይዘጋል። ሲመለስ ተቀበልነው፤ አሳማ ጠብሰን፣ መለከት አስነፍተን፣ ራኪያ አረቄውን በባልዲ አውጥተን።

ያን ቀን ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሐውልት ይቆምለት ነበር። አልሞተም፤ ቴሌቪዥን ጠራው።

የከተማው ጣቢያ በየሐሙሱ ያቀርበው ጀመር። መጀመሪያ በገንዘብ ዲፕሎማ የገዙትን ሹማምንት ነው የሰደባቸው። ኮሳና ሱቋ ውስጥ ቴሌቪዥኑን ከፍታ «እሰይ! በላቸው!» እንላለን። ቆየና ደግሞ ድምፁን በዘይትና በስኳር የሚሸጥ ሕዝብ ሕዝብ አይደለም አለ። ያኔ ጭብጨባው ቀዘቀዘ። በምርጫ ሰሞን ከገዢው ፓርቲ ያ የዘይት ፌስታል ያልገባው ቤት መንደራችን ውስጥ የለም፤ የኔም ቤት ገብቷል። ቆየና ደግሞ ቪየና የሚኖሩት ሀገራቸውን የከዱ ናቸው አለ። የነሱን ጡረታና ገንዘብ በልቶ ያደረ ሁሉ ቀና ብሎ አየው። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ጋዜጠኛዋ ስትቆሰቁሰው «አንብቦ የማይረዳ ሰው መምረጥ የለበትም። ፈተና አልፎ ይምረጥ» ብሎ አረፈው።

በነጋታው እንጨት ይዤ ገባሁና መሬት ላይ ወረወርኩት።

«እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ነው የሞተችው» አልኩት። «እሷ ሰው አይደለችም?»

«ስታሜንካ፣ አንቺን አላልኩም።»

«አፍህ ብሏላ!»

«እውነት ነው የተናገርኩት። እነዚህ ሰዎች ሲሰርቋቸው አያውቁም፤ ለምን? ማንበብ ስለማይችሉ።»

«ድንቄም አስተማሪ! ማንበብ የማይችልን ሰው ያስተምሩታል እንጂ በቴሌቪዥን ያዋርዱታል?»

ጠመኔውን በጣቶቹ ፈጨው። ከዚያ የመለሰልኝ መልስ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። «ሃያ ስምንት ዓመት በደግ ቃል ተናገርኩ። ማን ሰማኝ? ስሳደብ ነው ካሜራ የመጣው። ካሜራው ከሄደ ትምህርት ቤቱ በማግሥቱ ይቆለፋል።»

በዚህ እንኳ ልክ ነበር።

ባለፈው ዓመት ተማሪዎቹ ልክ አምስት ሆኑ። ሁለቱ የኮሳና የልጅ ልጆች፣ ሦስቱ የራዲሳቭ። ራዲሳቭ የማዘጋጃ ቤቱን የበረዶ መጥረጊያ መኪና ነው የሚነዳው። እንዲህ ያለ ሥራ ደግሞ ያለ ፓርቲው መታወቂያ አይገኝም። ትምህርት ቤቱን በደብዳቤ መዝጋት ያቃታቸው ሰዎች በራዲሳቭ በኩል ሊዘጉት ፈለጉ፤ «ልጆችህን ወደ ከተማ አዛውር፤ አለዚያ የመኪናውን ቁልፍ አስረክብ» አሉት። ይህን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ራዲሳቭ ምን እንደመለሰ ግን የሚያውቅ የለም፤ ሰውየው በቀን ሦስት ቃል ነው የሚያወጣው፤ አንዱ ስድብ ነው።

ጥር በገባ በሁለተኛው ሳምንት ለጡረታዬ ጉዳይ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ራዲሳቭ ከአንዱ ቢሮ ወረቀት ይዞ ሲወጣ ደረጃ ላይ ተላለፍን። ወረቀቱን አወቅሁት፤ የዝውውር ቅጽ ነው። እኔን ሲያይ አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተው። ሰላም አላለኝም።

ምነው አፌን ቁርጥ ባደረገው! ስመለስ ቬሊቦር ሰሌዳ እያጠፋ ነበር። ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ «ራዲሳቭ ቅጹን ይዞ ሲወጣ አየሁት» አልኩት።

«ፈርሟል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ይዞት ወጣ ነው የምልህ። ሲያየኝ ደበቀው።»

«ከደበቀው ፈርሟል» አለ። እርጥቡን ጨርቅ አስቀመጠ። «ይሄን ልጅ ንባብ ያስተማርኩት ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነው።»

እኔ «ጠይቀው» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ደክሞኝ ነበር፤ እግሬም ረጥቦ ነበር፤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግሥቱ ቬሊቦር መኪናውን አስነሥቶ ከተማ ወርዶ ተመለሰ። በሦስተኛው ቀን ማለዳ የትምህርት ቤቱን ደረጃ ከበረዶ ልጠርግ አካፋ ይዤ ስወጣ ሊፓው ላይ አዲስ ወረቀት አየሁ። ጥቁር ጠርዝ አለው። ከላይ መስቀል አለው። መሐል ላይ በትልልቁ ፊደል «ራዲሳቭ» ይላል፣ ከነአባቱ ስም። ከሥር በደቃቁ የተጻፈውን ያነበብኩት ጠጋ ብዬ ነው፤ «ሦስት ልጆቹን በአንድ የበረዶ መጥረጊያ የሸጠ፣ አያቶቹ ድንጋይ ተሸክመው የሠሩትን ትምህርት ቤት የገደለ፣ ከእንግዲህ በኛ ዘንድ እንደ ሞተ የሚቆጠር። ሐዘንተኛ የለውም።»

ለካሜራ ነው የሠራው። ሐሙስ ሊያሳየው። ወረቀቱ ሲታተም አንድ ጊዜ እንኳ ሊፓው ሥር በየማለዳው ማን እንደሚቆም አላሰበም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

እጄን ዘርግቼ ልቀደው ስል ከኋላዬ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። እማማ ቪዶሳቫ ቆማለች። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ትቆጥራለች።

«ስታሜንካ» አለችኝ፣ «ራዲሳቭን ምን አገኘው? አሁን ቁርሱን በልቶ ነው የወጣው።»

«ምንም አልሆነም እማማ፤ ውሸት ነው፤ ቀልድ ነው፤ ነይ እንግባ።»

«እዚህ ተጽፏል እኮ» አለች። «ማንበብ እችላለሁ።»

ያዝኳት፤ ግን ከነከዘራዋ ተዘርራ እኔንም ይዛኝ በረዶው ላይ ወደቀች። ከዚያ በኋላ አልተናገረችም። አምቡላንሱ በበረዶ ከታች መንገድ ላይ ቆመ፤ መውጣት አልቻለም። መንገዱን የጠረገለት ራዲሳቭ ነው። እናቱን የጫነውን መኪና ከፊት እየመራ እስከ ከተማ በረዶ ሲገፋ ሄደ። በማግሥቱ ሞተች። ነፍሷን ይማር። የሷ ወረቀት በዚያው ዛፍ ላይ፣ ያኛው በተቀደደበት ምስማር ላይ ተቸነከረ። ስሟ በትልልቁ ፊደል ነበር፤ አንብቦ በየደጃፉ የሚነግር ግን አልነበረም።

ቬሊቦር ቀብሩ ላይ ከመቃብሩ አጥር ውጪ ባርኔጣውን ይዞ ቆሞ ዋለ። ማንም ግባ አላለውም። ከቀብር መልስ ንፍሮውን ሳዞር ራዲሳቭ ጠጋ ብሎኝ ቆመ። ጢሙ በቅሏል።

«አክስቴ፣ ያን ወረቀት ታስታውሺያለሽ? ማዘጋጃ ቤት ደረጃ ላይ።»

«አስታውሳለሁ።»

«የዚያኑ ቀን ምድጃ ውስጥ ነው የጨመርኩት። ሚስቴን ጠይቂያት። ሥራውን ይውሰዱት፤ ልጆቼ እኔ በተማርኩበት ይማራሉ ብዬ ነበር። ትናንት ሄጄ ሌላ ቅጽ ወሰድኩ። ፈርሜያለሁ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የኔንም የሱንም ማን ያሽልን?

ቬሊቦር ወሬውን ከማን ሰማኸው ሲሉት ከባለሥልጣኑም፣ ከጋዜጠኛውም፣ ከካህኑም ፊት «ከራሴ» አለ። ስሜን አላነሳም። በየሐሙሱ ሲያሞግሱት የነበሩት የቴሌቪዥን ሰዎች ይኸውና አንድ ሙሉ ሰዓት «ገዳዩ መምህር» እያሉ ሲፈተፍቱት ዋሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ያ የማይከደን አፍ በዚያው ተከደነ።

ሐዘኑ ሳይበርድ የቅዱስ ሳቫ በዓል ደረሰ። የትምህርት ቤት ሁሉ ዝክር ነው። ዳቦው ይጋገራል፣ ንፍሮው ይቀርባል፣ አባ ዳቦውን በመስቀል ምልክት ቆርጠው ወይን ያፈሱበታል። ከዚያ የዘንድሮው ደጋሽና የሚቀጥለው ዓመት ተረካቢ ዳቦውን በአራት እጅ ይዘው ያዞሩታል፤ ተሳስመውም ይቆርሱታል። ተረካቢ ከሌለ ዝክሩ ታጠፈ ማለት ነው። የዘመን አቆጣጠር አላውቅም፤ ግን በብሬስቶቪካ ይህ ዳቦ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ሁለት ጦርነት አልፏል። ዓምና ራሱ ቬሊቦር ነበር የተረከበው።

ዳቦውን እኔ ነኝ የጋገርኩት። ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር፤ ግን ዝክር ነውና ቅዱሱን ፈርተው መጡ። አሥራ ስድስት ሰው። የኮሳና ሁለት የልጅ ልጆች መዝሙር ዘመሩ። ድምፃቸው በዚያ ሰፊ ክፍል ውስጥ ጠፋ። አባ ስፒሪዶን ጸሎቱን ሲጀምሩ በሩ ተከፈተና ራዲሳቭ ገባ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ አርባ ስላልሞላ ጢሙን አልተላጨም። ከበሩ አላለፈም።

አባ ቆረጡ፣ ወይኑን አፈሰሱ። ቬሊቦር ዳቦውን በሁለት እጁ አነሣ። ከስቶ ኮቱ ሰፍቶታል።

«ለሚመጣው ዓመት ማን ይረከበኛል?» አለ።

ማንም እጁን አልዘረጋም።

«ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ዳቦው ይቀጥል። በየቤታችን ይዞራል። ማን ይረከበኛል?»

ኮሳና የልጅ ልጇን ጸጉር ታስተካክል ጀመር። ወንዶቹ ጫማቸውን አዩ። ያኔ ራዲሳቭ ከበሩ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ ለአንድ አፍታ ሊረከብ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ቬሊቦርም እንደዚያ መስሎት ዳቦውን ወደ እሱ ዘረጋ። ዓይኑ ላይ ያየሁትን አልረሳም።

ራዲሳቭ እጁን ከኪሱ አላወጣም። እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «መምህር፣ እናቴን ስሜን ማንበብ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት» አለ። ዞሮ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ዳቦው ገና እንደተዘረጋ ነበር። ቬሊቦር ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ምድጃው አጠገብ ነው የቆምኩት፣ እንደ ሁልጊዜዬ።

«ስታሜንካ» አለኝ። «አንድ እጅ።»

በሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ነገር ለራሱ ሲለምነኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ወሬውን ያመጣሁት እኔ መሆኔን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። እሱ ተሸክሞልኛል። እኔ ደግሞ ሁለቱንም እጄን ሽርጤ ውስጥ ከተትኩ። የክርስትና እናቴ አርባዋ አልወጣም፤ እንዴት ብዬ? ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ይሄ ነው። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ፈራሁ። ራዲሳቭን ፈራሁ፣ ያን ሁሉ ዓይን ፈራሁ፤ እጄን ባወጣ «አንቺ ነሽ እንዴ የነገርሽው?» የሚሉኝ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ምድጃው ውስጥ እንጨት ጨመርኩ። እንጨት አያስፈልገውም ነበር።

ብቻውን አዞረው። በሁለት እጅ አንድ ሰው ዳቦ ሲያዞር አይታችሁ አታውቁም፤ አያሳያችሁ። ወይኑ ክርኑ ድረስ ወረደ። ቆረሰውና ግማሹን አባ ወሰዱ፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ሰዉ ንፍሮውን ቀምሶ አንድ በአንድ ወጣ።

ሰኔ ላይ የጭነት መኪና መጥቶ ዴስኮቹን ወሰደ። ያ ቤልግሬድ የሄደውም አብሮ ተጫነ፤ የትኛው እንደሆነ የለየ የለም። ቁልፉን ፈርሜ አስረከብኩ። ሁለቱ የኮሳና የልጅ ልጆች አሁን በማለዳ አውቶቡስ ይወርዳሉ። ያ ጣቢያ አንድ ጊዜ መጥቶ ቬሊቦርን አናግረን ቢለው በሩን ከፍቶ አያቸውና መልሶ ዘጋው። በመምህራን መኖሪያዋ አንድ ክፍል ውስጥ አለ። እኔ ሾርባ አደርስለታለሁ፤ ይበላል፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ሌላ የለም። ሉሉ መስኮቱ ላይ ነው፤ አቧራውን እኔ እጠርጋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሳህኑን ስወስድ ጠራኝ።

«ስታሜንካ፣ ስሞት ሊፓው ላይ ወረቀት እንዳታሰቅይ።»

«ምን ሆነሃል፤ አንተ እኮ እኔን ትቀብራለህ።»

«እንዳታሰቅይ ነው የምልሽ።»

«እሺ» አልኩት።

እኛ ዘንድ ያለ ወረቀት የተቀበረ ሰው እንዳልኖረ ነው። ግን ቢሰቀልስ? ከሥር በደቃቁ ሐዘንተኛ ተብሎ የሚጻፍ ስም ከእኔ ሌላ የለውም። የኔን ደግሞ ይጻፍ ብዬ እንደማልደፍር እሱም ያውቃል፤ እጄን ሽርጤ ውስጥ ስከት አይቷል።